ነፃ የምንለው መንዙማ ዋጋው ማን ላይ ወደቀ?



እስቲ ስልክዎን ያውጡና በውስጡ ያለውን መንዙማና ነሺዳ ይቁጠሩት። ሠላሳም ይሁን ሦስት መቶ፣ ብዛቱ ለጊዜው ይቆየን። ከመካከላቸው ለስንቱ ገንዘብ ከፍለዋል? የስንቱንስ አዚያሚ ስም ያውቃሉ? ብዙዎቻችን ለመጀመሪያው ጥያቄ “ለአንዱም” ብለን እንመልሳለን፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ እናመነታለን። ፋይሉ “ትራክ 07” ይላል፤ ወይም ያዜመውን ሰው ሳይሆን ያሰራጨውን የቴሌግራም ቻናል ስም ይዟል፤ ወይም “አዲስ ምርጥ መንዙማ” ብቻ ተብሎ ተጽፎበታል። አዲስ የተባለውም አንዳንዴ ሃያ ዓመት ያለፈው የካሴት ቅጂ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ የሚነሳው ከዚህ ተራ ከሚመስል ነገር ነው። በረመዷን ከኢፍጣር በፊት ቤታችንን የሚሞላው፣ በሠርግና በደስታ ቀን የምንከፍተው፣ ልጆቻችን ሳያውቁት በቃላቸው የሚይዙት ድምፅ እጃችን የገባው በምን መንገድ ነው? ለሥጋው የታረደበትን ቦታ ጠይቀን የምንገዛ ሰዎች በጆሯችን ስለሚገባው ነገር ለምን አንጠይቅም?

“ሙዚቃ ራሱ ሐራም አይደለምን?” የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በመሣሪያ በሚታጀብ ዘፈን ላይ ዑለማእ ብዙ ተናግረዋል፤ አብዛኞቹም ከልክለዋል። በመንዙማ ይዘትና በድቤው ላይም በአገራችን ክርክር እንዳለ የታወቀ ነው። ያንን በር እዚህ አልከፍተውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። “ዘፈን ሐራም ስለሆነ የዘፋኙን ሥራ ሳይከፍሉ መውሰድ ችግር የለውም” የሚሉ ወጣቶች አሉ። እጅግ የሚገርም ሙግት ነው! ሐራም ነው ብሎ ያመነ ሰው ይተወዋል እንጂ በነፃ አግኝቶ ይሰማዋልን? ዋጋው ስለቀረለት የተፈቀደ ነገር ካለ ይህ ጸሐፊ አያውቀውም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ።

ሁሉም ነገር በነፃ ይሠራጭ የሚሉ ወንድሞች መጀመሪያ የሚያነሱት የድሮውን ዘመን ነው። “የወሎ ሼኾች መንዙማቸውን ሸጠው ያውቃሉን?” ይላሉ። እውነት ነው፣ አልሸጡም። በጀማ ንጉሥ፣ በዳና፣ በጌታና በሾንኬ ሐሪማዎች የተደረሰው መንዙማ በዐጀም፣ ማለትም አማርኛው በዐረብኛ ፊደል እየተጻፈ፣ ከጽሑፉም በላይ በቃል እየተያዘ፣ ከደረሳ ወደ ደረሳ ተሻግሮ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ለቃሉ ማንም ሒሳብ አልጠየቀም፤ የሚያውቀው ለማያውቀው አስተማረ፣ የተማረውም ይዞት ወደ አገሩ ሄደ።

ነገር ግን ይህን የሚያነሱ ሰዎች የሚነግሩን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው። ሼኹን ማን ያበላቸው ነበር? ደረሳውንስ ማን ያለብሰው ነበር? የአካባቢው ሰው አይደለምን? ለዚያራ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ እንደ አቅሙ ማር፣ ቅቤ፣ ቡና፣ እህል፣ ሲመቸውም ሙክት እየጎተተ ይመጣል። ስለት ያለበት ስለቱን ያደርሳል። የደረሳው ራት ከየቤቱ ይወጣል፤ ልጇን ለቂርኣት ወደ ሩቅ አገር የሰደደች እናት ደግሞ የሰው ልጅ ደረሳ ከደጇ ሲቆም የራሷን ልጅ እያሰበች ትሰጠዋለች። ሐድራው ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም ቡናው፣ ዕጣኑ፣ የሚበላው ሁሉ ከአንድ ሰው ኪስ ወጥቷል። ስለዚህ ቃሉ በነፃ ተሰጠ እንጂ ሰውየው በነፃ አልተተወም። እኛ ዛሬ ከዚያ ሥርዓት የወሰድነው የሚመቸንን ግማሽ ነው። ቃሉን በነፃ መቀበል ቀጠልን፤ ማሩና ሙክቱ ቀረ። በቴሌግራም በኩል ዚያራ የሚያደርግ የለም።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። በእኛ የዕውቀት ባህል ኪታብን ገልብጦ መውሰድ ማንም ያልከለከለው ነገር ቢሆንም ኪታቡን ከሼኹ አግኝቶ ለሌላ ለማስተላለፍ ኢጃዛ ይጠየቅ ነበር። ኢጃዛው የገንዘብ ጉዳይ አልነበረም። “ይህን ከእኔ ሰምቷል፣ በትክክል ይዟል፣ ያስተላልፈው” የሚል የሼኹ ፈቃድ ነው። ኢስናዱም ያስተላላፊዎቹን ስም ከአንዱ ወደ ሌላው እየሰፋ እስከ ባለቤቱ ያደርሳል። በሒጅራ አቆጣጠር በ911 ዓመት የሞቱት ኢማም አስ-ሱዩጢ የድካማቸውን ፍሬ በራሱ ስም ባወጣ ሰው ላይ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈውበታል፤ በአርእስቱም ላይ ደራሲውንና ሌባውን ለይተው አስቀምጠዋቸዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ዑለማእ ስም እንዳይጠፋ ሲጠነቀቅ ቆይቶ፣ የእኛ ዘመን ልጅ የሼኹን ድምፅ “ትራክ 07” ብሎ ሲያስቀምጠው ምን እንበል? በነፃ የማሠራጨት ትልቁ ጉዳት የኪሱ ጉዳት ይመስለናል፤ እኔ ግን የስሙ መጥፋት ይበልጥ የሚያሳስብ ሆኖ ይታየኛል። የኪሱን ጉዳት ነገ ሰው ቢያስብበት ሊክሰው ይችላል፤ ስሙ የጠፋ ሰውን ግን ለመካስ እንኳ ማንን ብለን እንፈልገዋለን?

“ለአላህ ብሎ ከሠራው ለምን ገንዘብ ይጠይቃል?” የሚለው ሁለተኛው ሙግት ነው። ይህ ጥያቄ ለመንዙማ አዚያሚ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። የቁርኣን አስተማሪ ወርኃዊ ክፍያ ሲጠይቅም ከአንዳንድ ወላጆች አፍ ይሰማል። እኔ የመድረሳ አስተማሪ በመሆኔ ለራሴ የምሟገት እንዳይመስልብኝ እንጂ በዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ለአጭሩ ግን፣ ቡኻሪ የዘገቡት የአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ ታሪክ ይበቃል። ሰሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ በመርዘኛ የተነደፈውን የአንድ ጎሣ አለቃ ፋቲሓን ቀርተውበት ሲድን በጎች ተቀበሉ፤ ከተቀበሉ በኋላ ግን ልባቸው አመነታ። ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሲደርሱ ረሱል ድርጊቱን አጸደቁት፤ ከበጎቹም ድርሻ እንዲያደርጉላቸው ነገሯቸው። ኢኽላስና ዋጋ በአንድ እጅ ሊያዙ ባይችሉ ኖሮ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

የግጥምን ነገር ካነሳን ደግሞ የከዕብ ኢብኑ ዙሀይርን ታሪክ ማን የማያውቀው አለ? በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ግጥሙን ሲያሰማ ካባቸውን እንደሸለሙት በታሪክ ይነገራል። ያ ካባ በኋላ ሙዓዊያ ከከዕብ ወራሾች ገዝተውት ከኸሊፋ ወደ ኸሊፋ ሲተላለፍ እንደነበረም ይተረካል። የአንድ ግጥም ሽልማት ለገጣሚው ልጆች ውርስ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ጥቂት እንመልከት። በአገራችን የድምፅ ቅጂ ንግድ በሸክላ ነው የጀመረው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የግል የሸክላ አሳታሚነትን ሲጀምሩ፣ ከእርሳቸውም ቀጥሎ በመርካቶ ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት ዓሊ አብደላ ኬይፋ ወደ ሥራው ሲገቡ፣ አንድ ሰው ዘፈን በቤቱ ለመስማት ሸክላ ማጫወቻ ሊኖረው ይገባ ነበር። ይህ ደግሞ የጥቂቶች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የፊሊፕስ ኩባንያ ያወጣው ካሴት ግን ሁሉን ነገር ለወጠው። ካሴት በባትሪ ይሠራል፤ ገጠር ይገባል፤ ከሁሉም በላይ በቤት ይቀዳል። የሼኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ ከወሎ ተነሥቶ ጅማና ጅጅጋ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ጂዳ ከወገኖቻችን ዘንድ ሊደርስ የቻለው በካሴት ነው።

ካሴትም ያለ ፈቃድ ይቀዳ ነበር፤ ይህን የማያስታውስ የለም። ነገር ግን ካሴት በተፈጥሮው ልጓም ነበረበት። የስልሳ ደቂቃውን ካሴት ለመቅዳት በተለመደው የቤት ቴፕ ስልሳ ደቂቃ መቀመጥ ግድ ነው። ከቅጂ ላይ የተቀዳ ቅጂ ይሻክራል፣ ይንሾካሾካል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ የሼኹ ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ስለዚህ ወዳጅ ለወዳጁ ይቀዳለት ነበር እንጂ አንድ ሰው ለአንድ ሺህ ሰው በአንድ ሌሊት አይቀዳም። ጥሩ ድምፅ የፈለገ ሰውም በመጨረሻ ሱቅ ሄዶ ኦሪጅናሉን ይገዛ ነበር።

ያንን ልጓም የበጠሰው ኤምፒ3 የሚባለው የጀርመን መሐንዲሶች ጥበብ ነው። አሠራሩ ቀላል ባይሆንም ሐሳቡን ለመረዳት አያስቸግርም። ጆሯችን ብዙ የማያስተውላቸውን ድምፆች ለይቶ ይጥላል፤ የቀረውን ያጠቃልላል። በሲዲ ላይ ወደ 42 ሜጋባይት የሚይዝ የአራት ደቂቃ ድምፅ በተለመደው መጠን ሲታጠፍ ወደ 4 ሜጋባይት ይወርዳል። እንግዲህ ያስሉት፦ ጣት ላይ የምትቀመጥ ባለ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ሁለት ሺህ ያህል መንዙማ ትሸከማለች ማለት ነው። ሺኛው ቅጂም ከመጀመሪያው በምንም አይለይም። ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ በጥቂት ብር ሞልተው የሚመልሱት ሱቆች የተፈጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ብሉቱዝ መጣ፣ ቀጥሎ ቴሌግራም መጣ፤ አሁን ሱቁም ላያስፈልግ ይችላል።

በውጭው ዓለም ይኸው ነገር ትልቅ ጦርነት አስነሥቶ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር የሚባለው የዘፈን መለዋወጫ ተከፈተ፤ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ። በ2003 የአፕል ኩባንያ አንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሣንቲም መሸጥ ጀመረ። በ2008 ስፖቲፋይ ሥራ ሲጀምር ሰው ዘፈኑን መግዛቱን ትቶ በየወሩ እየከፈለ፣ ወይም ማስታወቂያ እየሰማ ማዳመጥን ለመደ። የዓለም አቀፉ የድምፅ አሳታሚዎች ማኅበር እንዳስታወቀው ለዓመታት ሲያሽቆለቁል የቆየው ገቢ በ2023 ወደ 28.6 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ከዚህም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የመጣው በዚሁ በኢንተርኔት ከማስደመጥ ነው። ከዚህ ውስጥ ለእያንዳንዱ አዚያሚ የሚደርሰው ግን ለአንድ ጊዜ መደመጥ የሣንቲም ቁራሽ ነው። በሚሊዮን ለሚደመጥ ሰው ይበቃዋል፤ በሺህ ለሚደመጥ መንዙማ ባይ ግን የሻይም አይሆንም። ስለዚህ “ፈረንጆች ችግሩን ፈትተውታል፣ እኛም እንደነሱ እናድርግ” የሚሉትን አልቀበላቸውም። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የሚባል በስልክ ሒሳብ እየተከፈለ ዘፈን የሚወርድበት መንገድ ከፍተው ነበር። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በነፃ ማግኘት የለመደ እጅ ለጥቂት ብር እንኳ እንዴት እንደሚከብደው ሁላችንም ከራሳችን እናውቀዋለን።

እዚህ ላይ ስለ ክፍያው አካሄድ ካልተናገርኩ አንባቢ ጉዳቱ የት ላይ እንደሚወድቅ አይታየውም። በካሴቱ ዘመን በአገራችን የተለመደው አሳታሚው ለድምፃዊው አንድ ጊዜ የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ ሥራውን መረከብ ነበር። ከዚያ በኋላ ካሴቱ ቢሸጥም ባይሸጥም የአሳታሚው ዕድል ነው። ታዲያ ብዙ ሰው “እኔ ብቀዳ የሚጎዳው ሀብታሙ ነጋዴ ነው” ይላል። ለመጀመሪያው ካሴት ይህ ልክ ይመስላል። ነገር ግን ነጋዴው በመጀመሪያው ከከሰረ ለሁለተኛው ግማሽ ዋጋ ይሰጣል፤ ለሦስተኛው በሩን ይዘጋል። በሩ የሚዘጋውም በታወቀው ድምፃዊ ፊት አይደለም። ገና ባልታወቀው፣ ከገጠር ጥሩ ድምፅና ብዙ የቃል ዕውቀት ይዞ በመጣው ልጅ ፊት ነው። የልጁን ሥራ ሰው ሳይሰማው ይቀራል፤ ሳይሰማው የቀረን ነገር ደግሞ “ጠፋብን” ብሎ የሚያለቅስለት የለም።

“መብራት ከመብራት ቢለኮስ የመጀመሪያው አይጎድልም፤ መቅዳትም እንዲሁ ነው” የሚል አንድ ብልህ ተማሪ በክፍል ውስጥ ተሟግቶኛል። ደስ የሚል ምሳሌ ነው። እውነትም ፋይሉ አይጎድልም። ግን መብራቱን የሚያበራው ጋዝ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

በአገራችን ሕግ በኩል ነገሩ የተዘጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሻለ። አዋጁ ሦስት ሰዎችን ይለያል፦ ግጥሙንና ዜማውን የደረሰውን፣ ያዜመውን (ሕጉ ከዋኝ ይለዋል)፣ ድምፁንም የቀረጸውን አሳታሚ። የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሆን ብሎ የጣሰ ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ ይችላል። ነገር ግን ያው አዋጅ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ አይከለክለውም። ይህን ልዩነት ልብ ይበሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በሸሪዓ በኩል ግን ውይይት ነበር፤ መደበቅ አይገባም። ከሕንድና ከፓኪስታን ሐነፊ ዑለማእ መካከል እንደ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ያሉ ታላላቅ ሰዎች የሕትመት መብት ብቻውን የሚሸጥ ንብረት ሊሆን አይችልም የሚል አቋም ነበራቸው። መጽሐፉን የገዛ ሰው የገዛው ንብረቱ ነው፣ ቢገለብጠው ማን ይከለክለዋል? ዕውቀትን ማገድስ አይሆንምን? ይህ ቀላል ሙግት አይደለም። የገዛ ልጃቸው ሙፍቲ ተቂ ዑስማኒ ግን ከሌላው ወገን ቆሙ። ሰው ደክሞ ያስገኘው፣ በገበያም ዋጋ ያለው ነገር መብቱ ይጠበቅለታል አሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በኩዌት የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ መጅመዕም የድርሰትና የፈጠራ መብት የባለቤቱ መሆኑን፣ በዘመናችን ልማድ የገንዘብ ዋጋ ያለው መሆኑን፣ ሸሪዓም የሚያውቀው ስለሆነ መድፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። በዛሬ ጊዜ ብዙዎቹ የፈትዋ ሰዎች የሚሄዱት በዚህ ላይ ነው።

ልብ ይበሉ! የመጀመሪያዎቹን ዑለማእ አቋም የሚይዝ ሰው እንኳ ቅጂውን ኦሪጅናል ብሎ እንዲሸጥ፣ የአዚያሚውን ስም አጥፍቶ የራሱን እንዲጽፍ አልተፈቀደለትም። ያ ማጭበርበር ነው፤ በማጭበርበር ላይ ደግሞ ኺላፍ የለም።

ስለዚህ እኔ ነገሩን እንደሚከተለው አየዋለሁ። የገዙትን መንዙማ ለሚስትዎና ለልጆችዎ ስልክ ቢያስተላልፉ፣ ጎረቤትዎ መጥቶ አብሮ ቢሰማ፣ ማንም ጤነኛ ሰው ሌባ አይልዎትም። የሰው ሥራ በገንዘብ እየጫነ የሚኖር ሱቅ ግን ሌላ ነው። በመቶ ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ሙሉውን አልበም በወጣ በማግስቱ አሰራጭቶ፣ ከሥሩ የልብስና የሽቶ ማስታወቂያ በገንዘብ ሲያወጣም ሌላ ነው። “ለኸይር ነው፣ ሼር በማድረግ አጅር ያግኙ” የሚለው ቃል በላዩ ላይ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ይሆናል። በነፃ ሰጠ የተባለው ሰው እየበላ ነው፤ ያልበላው የደከመው ብቻ ነው።

ዩቲዩብስ? ባለቤቱ ራሱ የጫነውን በዚያ መስማት ያለ ጥርጥር ከተሰረቀው ይሻላል። ግን እሱም ቢሆን ነፃ አይደለም። መንዙማው በመሐል ተቋርጦ በልጆቻችን ፊት ልናሳያቸው የማንፈልገው ማስታወቂያ ዘው ሲል አይተው ይሆናል። ገንዘብ ያልከፈለ ቤተሰብ በልጆቹ ዓይን ይከፍላል።

እስካሁን የተናገርኩት በሰሚው ላይ ነው። አዚያሚዎቹና አሳታሚዎቹም ከወቀሳ ነፃ አይደሉም። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፦ ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱ የወሎ ሼኽ የደረሱትን፣ ሕዝብ ሁሉ በአደራ የያዘውን መንዙማ አንድ ወጣት በስቱዲዮ ያዜመውና “መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው” ይልበታል። የተጠበቀው የቱ ነው? የእርሱ ድምፅና ያ ቅጂ እንጂ ቃሉ አይደለም። ቃሉን ማንም ሌላ ሰው በራሱ ድምፅ ሊያዜመው ይችላል። ይባስ ብሎ በሽፋኑ ላይ የደራሲው ሼኽ ስም አይጻፍም፤ ወይም “ግጥምና ዜማ” በሚለው ፊት የወጣቱ ስም ይሰፍራል። ሰሚው ሰረቀኝ ብሎ የሚጮህ ሰው እርሱ ራሱ ከሙታን መውሰዱን አላስተዋለም። ዜማውን ከሚታወቅ የዘፈን ዜማ ወስደው ቃሉን ብቻ የሚለውጡም አሉ። ይህም ቢሆን የሌላ ሰው ድካም ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በዓለም የታወቀው ሙንሺድ ሳሚ ዩሱፍ እ.ኤ.አ. በ2009 በስሙ የወጣውን አልበም ያላለቀና ያልፈቀደው ነው ብሎ በይፋ አልቀበልም ብሏል። ድምፁ የእርሱ ነው፤ ግን “ይህ ተጠናቋል፣ ይውጣ” የሚለውን ቃል የማለት መብት ተነፈገኝ ነው ያለው። ኢጃዛ ያልነው ነገር በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? “ሁሉም ይግዛ” ማለት ቀላል ነው፤ ግን የሚገዛበት ሱቅ በተዘጋበት፣ በአገር ውስጥ ያለ ሰው ወደ ውጭ ለመክፈል ካርድ እንደ ልብ በማያገኝበት ሁኔታ ቃል ብቻ ይሆናል። እኔ ይበልጥ ተስፋ የማደርገው በራሳችን ቤት በቆየ ነገር ላይ ነው፤ በወቅፍ። የድሮ ኪታቦች ላይ “ወቅፍ ነው፣ አይሸጥም፣ አይወረስም” ተብሎ የተጻፈውን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንድ ሰው ለጸሐፊው ድካሙን፣ ለወረቀቱ ዋጋውን ከፍሎ ኪታቡን ለአንባቢ ሁሉ ነፃ ያደርገዋል። በመዲና የሚታተመው የንጉሥ ፋህድ ማዕከል ሙስሐፍ በየመስጊዳችን በነፃ የሚገኘው ለወረቀቱ፣ ለቀለሙና ለሠራተኛው አንድ ወገን ስለከፈለ ነው። እንዲሁ አንድ የመስጊድ ጀመዓ፣ ወይም በውጭ ያሉ የአንድ አካባቢ ልጆች፣ ለአንድ አዚያሚና ለስቱዲዮው የሚገባውን ከፍለው ሥራው በይፋ ወቅፍ ተብሎ ቢለቀቅ ምን ይከለክላል? ያኔ ሼር ማድረግ እውነትም ኸይር ይሆናል። በሽፋኑ ላይ የደራሲው፣ የአዚያሚውና የከፋዮቹ ስም ይጻፋል። አንድ ሠርግ ላይ ለድምፅ ማጉያ ብቻ የምናወጣው ገንዘብ ለዚህ ትልቅ ድርሻ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የድሮ የመንዙማ ካሴቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ገበያ ያልወጡ፣ በሐድራ ላይ በቴፕ የተቀዱ ናቸው። አዚያሚዎቹ ብዙዎቹ ወደ አኺራ ሄደዋል። በሕጉ የከዋኝ መብት 50 ዓመት ስለሚቆይ በ1980 ዓ.ም. የተቀዳ ድምፅ እስከ 2030 ዓ.ም. ባለቤት አለው፤ ባለቤቶቹ ምናልባት እዚያው ሰፈር ያሉ፣ አባታቸው እንዲህ ያለ ድምፅ እንደተዉላቸው እንኳ የማያውቁ ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለ ካሴት በእጅዎ ካለ ለቻናል ከመላክዎ በፊት ልጆቹን ይፈልጓቸው፤ አንድ ቅጂ ይስጧቸው፤ ይሠራጭ እንደሆነም ይጠይቋቸው። ማን እንዳዜመው፣ የማን ግጥም እንደሆነ፣ የት ቦታ በስንት ዓመት እንደተቀዳ ከሽማግሌ ጠይቀው ይጻፉበት። ክሩ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየ ከሆነም ከማጫወትዎ በፊት በእስክርቢቶ ቀስ ብለው ያጠንጥኑት፤ በቴፕ በድንገት ሲሳብ ይበጠሳል።